በውርጭ የለመለመው ግቢዬ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር ነው፤ እዚሁ መሐል ሜዳ፣ እኔ ቤት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ይሄ ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። ለሰው ሳወራው ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ይቋረጣል።

በላይነሽ እባላለሁ፤ የሠፈሩ ሰው እትዬ በላይነሽ ይለኛል። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ትዕግሥት ትባላለች፣ ሥራዋ አዲስ አበባ ነው። እኔ ጨውና ሳሙና፣ ክብሪትና የባትሪ ድንጋይ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ዘግቼ ቤቴ ተቀመጥኩ።

ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ ማለቴ ግን አይደለም። የሠፈራችን ቦኖ ከበሬ ፊት ለፊት ስለሆነ ቁልፉ ከእኔ ዘንድ ነበር። ቦኖው አጠገብ ትልቅ ነጭ ሮቶ አለ። ውሃ በመጣ ቀን ይሞላል። ጠዋት እከፍታለሁ፣ ሰው በተራው ጀሪካኑን ይሞላል፣ ሲያበቃ እቆልፋለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ክብር ግን ነበረው። ቁልፉን ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ስሄድ ሽማግሌው ሳይቀር ብድግ ይልልኝ ነበር። እውነቴን ነው፤ ኮራ ብዬበታለሁ።

ያለፈው ክረምት የገዛ ግቢዬ ጭቃ አዳለጠኝና ወድቄ እጄን ተሰበርኩ። የመንዝን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ አይፈርድብኝም። ትዕግሥት መጥታ ወጌሻ ቤትና ሐኪም ቤት ስታመላልሰኝ ሰነበተች። «እማዬ፣ ሁለተኛ እዚህ ጭቃ ላይ አትቆሚም» አለችኝ። ሲሚንቶ ላስደርግልሽ ስትል፣ ሲሚንቶ በዚህ ብርድ እግሬን ይቆረጥመኛል አልኳት። ድንጋይ ይነጠፍ ስትል፣ ድንጋይማ ዝናብ ሲነካው ከጭቃው ይብሳል አልኳት። «አንቺ መቼም አንድ ነገር አይጥምሽም» ብላ አኩርፋ ሄደች።

እኔም ነገሩ ተረሳ ብዬ ተቀምጫለሁ። ታኅሣሥ ሊያልቅ አካባቢ አንድ ፒካፕ መኪና መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ከደብረ ብርሃን የመጣሁ ባለሙያ ነኝ የሚል ጎልማሳ ሰው ወረደ። ከኋላ በሸራ የተሸፋፈነ ረጃጅም ጥቅል ጭኗል።

«ምንድን ነው የጫንከው?» አልኩት።

«ሳር ነው፣ እናቴ።»

«ሳር በመኪና? ከብት የለኝ፣ ምን ላደርገው?»

ሰውየው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የማላውቀው ሰው፣ የተሸፋፈነ ዕቃ፣ አካፋና ዶማ ይዞ ግቢህ ልግባ ሲል ደስ አይልም። በሩን ዘግቼ ለትዕግሥት ደወልኩ። «እማዬ አስገቢው፤ ሰው ሠራሽ ሳር ነው፣ ለግቢሽ የላክሁት ነው» አለች። ሳር ሰው ይሠራዋል እንዴ? ግድ የለም ብዬ አስገባሁት፤ ነገር ግን ዱካዬን አውጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ግቢዬን ሲቆፍር አንድ የተቀበረ ነገር የሚፈልግ መስሎኝ ዓይኔን ከእጁ ላይ አላነሣሁም።

የላይኛውን አፈር ገፎ አወጣ። ጠጠር ደለደለና ጠቀጠቀው። መሬቱን ወደ በሩ ትንሽ አዘንብሎ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ብሎ ከበሩ ሥር አንዲት ቱቦ ወደ ውጭ አወጣ። ከዚያ ጥቅሉን ሲዘረጋው ወይ ጉድ! አረንጓዴ ሆኖ፣ መሃል መሃሉ ላይ ቡኒ እየተቀላቀለበት፣ ልክ በክረምት አጋማሽ ያለ ሳር ነው። ጠርዝና ጠርዙን በማስቲሽ አጣበቀ፤ ደቃቅ አሸዋ በትኖ በመጥረጊያ አበጠረው። ሳምንቱ ሳያልቅ ሥራው አለቀና ሄደ። የፈለገውም የተቀበረ ነገር አልነበረም።

ጫማዬን አውልቄ ቆምኩበት። ለስላሳ ነው፤ አያዳልጥም፣ አይቆረጥምም። ብቻዬን ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደድኩ እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ልጅ ይባረክ!

እዚህ ላይ ነው ነገሬ የተበላሸው። የጥር ማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነበር። ማኅበርተኛው ሁሉ እኔ ቤት ይመጣል። እስከዚያ ለማንም ሳላሳይ ቆይቼ፣ የዚያን ቀን በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ፊታቸውን ማየት አማረኝ። በተለይ የጎረቤቴን የየሺን ፊት። የሺ በአፏ ጦር የምትወረውር፣ ልቧ ግን የዋህ የሆነች፣ አንዲት ነገር ሳታይ የማታድር ሴት ናት። ልጅ ሆና ጀምሬ አውቃታለሁ፤ በሬን ሳታንኳኳ ነው የምትገባው።

እናም በሬን መዝጋት ጀመርኩ። የሺ ስትመጣ በበሩ ክፍተት አንገቴን ብቻ አውጥቼ «ዛሬ አይመቸኝም፣ የኔ ልጅ» እላታለሁ። በማግስቱ ስትመጣም እንደዚያው። ሦስተኛ ስትመጣ «ምነው እትዬ፣ ወርቅ ነው የሚያነጥሩት?» አለችኝ። እኔም በልቤ እየሳቅሁ «ታያለሽ፣ ቆይ» አልኳት። እኔ ያልኩት በደስታ ነው። እሷ የሰማችው ሌላ ነገር እንደሆነ በምን ልወቅ?

ጥር ገባ። የጥርን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ስትነሣ ምድሩ ነጭ ነው፣ ቀን ደግሞ ግራጫ። ሜዳው ደርቆ በጎቹ አፈር ይልሳሉ። ዘንድሮ ውሃውም ክፉኛ ቀነሰ። ሮቶው ድሮ ለሁሉም ይዳረስ ነበር፤ አሁን ከሰልፉ ግማሹ ሳይደርሰው ያልቃል። ባዶ ጀሪካን ይዘው የሚመለሱት ሴቶች ሲያዩኝ እኔ እንኳ እሸማቀቃለሁ፤ በጋው ጠንክሮ ነው፣ ምንጩ ቀንሶ ይሆናል እያልኩ አጽናናለሁ።

አንድ ጠዋት ቦኖውን ልከፍት ስወጣ ሰልፉ ውስጥ ሞቅ ያለ ወሬ ነበር። ስደርስ ጸጥ አለ። «እንደምን አደራችሁ?» አልኩ። «እግዜር ይመስገን» ብለው በአፍንጫቸው መለሱልኝ። ምን ሆኑ? ነጠላዬን ገለበጥኩ እንዴ ብዬ ራሴን አየሁ። ምንም የለብኝም።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ማንም የማይቆምበት ቦታ፣ ከቦኖው በላይ ያለችው ጉብታ ላይ፣ ሰዎች እየወጡ ወደ ግቢዬ ቁልቁል ማየት ጀመሩ። የግቢዬ የድንጋይ ካብ ከዚያ ላይ ሲታይ ዝቅ ይላል፤ ከውስጥ ያለውን ያሳያል። ሳሬን አይተውታል ማለት ነው! አቤት ስናደድ! ደስታዬን ሊነጥቁኝ ነው አልኩ። ልጄ ለእናቷ ያደረገችውን አይተው ዓይናቸው ቀላ፤ ምቀኝነት ነው ብዬ ደመደምኩ። ትዕግሥት ስትደውል «ልጄ፣ ዓይን ጥለውብኛል» አልኳት። «እማዬ ደግሞ ጀመረሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

የሰው ነገር አንዴ ከገባባችሁ ሁሉ ነገር ይጠረጠራል። ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ካየሁ በእኔ ነው። ሰው ሲያስል ምልክት ይመስለኛል። የሺማ ጭራሽ ሰላምታ አቆመች። ጀሪካኗን ስትሞላ ዓይኗ ከበሬ ሥር ከምትወጣው ቱቦ ላይ ነው። እኔም ተከትዬ አየሁ፤ የቱቦዋ አፍ ላይ ትንሽ ርጥበት አለ። የውሻ ሽንት ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ የከሰሉ ነገር መጣ። ሮቶውን ልቆልፍ ስጠጋ ጎኑ ላይ በከሰል የተሰመረ ጥቁር መስመር አየሁ። ክው አልኩ። ማን ሠራው? ለምን? ከሰል፣ መስመር፣ እኔ የምይዘው ሮቶ ላይ! መተት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? በስመ አብ ብዬ አማተብኩ፤ ቤት ገብቼ የጊዮርጊስን ጸበል አመጣሁና እየረጨሁ በጨርቅ ፈትጌ አጠፋሁት። ዞር ስል የሺ መንገዱ ዳር ቆማ እያየችኝ ነው። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሄደች። ይሄው፣ እሷ ናት የሠራችው አልኩ። ያቺ እኔ ልጅ ሆና የማውቃት የሺ! ሆድ ባሰኝና ያን ቀን ምሳም አልበላሁ።

ሁለት ቀን ቆይቶ ጋሽ ጌታነህ መጡ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ቁልፉን ከብዙ ዓመት በፊት በገዛ እጃቸው የሰጡኝ እሳቸው ነበሩ። በሬ ላይ ቆመው ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ ስለ እጄ ስብራት ጠየቁኝ፤ ስለ ብርዱ አወሩ። ዓይናቸው ግን መሬት መሬቱን ነው። በዘንጋቸው ጫፍ የቱቦዋ አፍ ላይ ያለውን እርጥብ አፈር ነካ ነካ አደረጉት።

«ይግቡ እንጂ፣ ጋሼ» ማለት ነበረብኝ። ማኅበሩ አራት አምስት ቀን ነው የቀረው፤ ሳሬ እንዳይታይብኝ ብዬ በሩን በጀርባዬ ደገፍኩት። እሳቸውም አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። «ግቢሽስ ደኅና ነው?» አሉኝ። እንዲህ ብሎ ጥያቄ አለ? ሰው ስለ ሰው፣ ስለ ከብት ይጠይቃል እንጂ ግቢ ደኅና ነው ተብሎ ይጠየቃል? «ደኅና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። ከማኅበሩ ሊያስወጡኝ ይሆን? ድንበር ገፍታለች ብለው ይሆን? የማስበውን አጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ገና ፈንጠቅ ስትል በሬ ተንኳኳ። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ጋሽ ጌታነህ ናቸው፤ ገበያ የሚወስዷቸው ሁለት በጎች በገመድ ይዘዋል። አብሯቸው አንድ ሌላ የኮሚቴ ሰው አለ፤ የሺም አለች። ከኋላቸው ሰልፈኛው ጀሪካኑን አስቀምጦ ቆሞ ያያል። በሩን ከኋላዬ ገጠም አድርጌ ቆምኩ።

«በላይነሽ» አሉ ጋሽ ጌታነህ፣ «ነገር ከሚከር ይብረድ ብለን ነው የመጣን። የማርያም ማኅበርም ደርሷል። አንድ ነገር ማይልንና ይለቅ።»

«ምን ብዬ ልማል?»

«የሰዉን ውሃ ለራሴ አላዋልኩም ብለሽ በማርያም ማይልን።»

 ያ ሁሉ ዘመን በውርጭ ተነሥቼ የከፈትኩት፣ ታምሜ እንኳ ነጠላ ተከናንቤ ያልቀረሁበት፣ የእኔን ጀሪካን ሁልጊዜ ከሁሉ ኋላ የሞላሁበት ቦኖ! በአገራችን መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። ሌባ የተባለ ሰው ነው ቁሞ የሚምለው። ብምል እንኳ፣ ማለች ተብሎ ከሌቦች ጋር ስሜ ይነሣል።

«አልምልም!» አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «ሌባ ካላችሁኝ ሌባ በሉኝ እንጂ አልምልም!»

«ካልማልሽማ ሰዉ ምን ይበል?» አሉ ጋሽ ጌታነህ፤ ፊታቸው ጨለመ።

ይሄኔ የሺ ፈነዳች። «ምን ያስምላታል! ግቢዋ ይመስክር! እኛ የልጅ ፊት ማጠቢያ አጥተን እሷ ሳር ታጠጣለች! አገሩ ሁሉ በውርጭ ነዶ የእሷ ግቢ ብቻ ለምልሞ የሚያድረው በምን ውሃ ነው? ጠዋት ጠዋት በቱቦ ሲወርድ አላየንም? ሮቶው ላይ መለኪያ ብናሰምር በጸበል አጥባ አላጠፋችውም?»

እርስዎ ስትለኝ የኖረች ልጅ «እሷ» አለችኝ። እዚያ ላይ ነው ሳቄ የሚቋረጠው።

ሁሉም ነገር ባንዴ በራልኝ። ጉብታው ላይ መውጣታቸው፣ ከሰሉ፣ የጋሽ ጌታነህ ዘንግ። የሚያስቡት እንደ እውነተኛ ሳር ያጠጣሁት ነው! «ላስቲክ ነው» ማለት አንዲት ቃል ነበረች። አልወጣችልኝም። ንዴት አፌን ያዘው፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ዞርኩና የቆርቆሮውን በር በሁለት እጄ ገፍቼ እስከ መጨረሻው በረገድኩት።

«ግቡ!» አልኩ። «ግቡ! በዓይናችሁ እዩ!»

ከሰው በፊት የገቡት በጎቹ ናቸው። ያ ሁሉ ወር አፈር ሲልሱ የከረሙ በጎች አረንጓዴ ሲያዩ ማን ያቆማቸዋል? ጋሽ ጌታነህን ከነገመዳቸው፣ ከነዘንጋቸው እየጎተቱ ወደ ግቢው ሰተት አሉ። አንደኛዋ አንገቷን ደፍታ ጎረሰች። ሳበች። አልመጣላትም። እንደገና ነክሳ በኃይል ሳበች። ጠርዙ ትንሽ ተነሥቶ ተመልሶ ተኛ። ቀና ብላ ባዶ አፏን አመነዠከችና እኛን እያየች «ባ!» አለች።

 ጋሽ ጌታነህ ቀስ ብለው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። አንዲት ቅጠል በጣታቸው ይዘው ጎተቱ። አሸተቱት። በጥፍራቸው ጫሩት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«ላስቲክ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። አሁን ቃሉ መጣልኝ። «ምንጣፍ ነው። ልጄ ጭቃ እንዳይጥለኝ ብላ ያስነጠፈችልኝ ነው። ውሃ አይጠጣም።»

«ታዲያ በቱቦው የሚወርደው ውሃስ?» አለች የሺ፤ ድምፅዋ ግን ቀንሷል።

እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። ያገኘው አብሯቸው የመጣው የኮሚቴ ሰው ነው። ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ ቆሞ ነበር። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስትነካው የተጋገረው ውርጭ መቅለጥ ጀምሮ ጠብ ጠብ ይላል። ድሮ አፈሩ ይጠጣው የነበረውን አሁን ላስቲኩና ጠጠሩ ወደ በሩ ይሸኙታል። ሰውየው ጠብታውን በዓይኑ እየተከተለ እስከ ቱቦዋ ሄደና «ኧረ ጋሽ ጌታነህ፣ ውርጩ ነው! የጣሪያው ውርጭ ነው!» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት ከበሩ ውጭ ያሉት ናቸው። ከዚያ ጋሽ ጌታነህም እንደተንበረከኩ ሳቃቸው አመለጣቸው። በጓ እንደገና ነክሳ ስትስብ ሳቁ ባሰ። ሰልፈኛው በር ላይ ተጨናንቆ ሳሩን በእጁ ይዳብሳል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ «ወይኔ ሲለሰልስ!» ይላል። የሁሉንም ፊት አየሁት፤ ለማየት ስጓጓለት የከረምኩትን። ምንም አላስደሰተኝም።

እኔ አልሳቅሁም። ከነጠላዬ ጫፍ ቋጠሮውን ፈትቼ ቁልፉን አወጣሁና የጋሽ ጌታነህ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይኸው። ለክታችሁ ተረከቡኝ ሮቶውን።»

ሳቁ ቀጥ አለ። «ኧረ በላይነሽ፣ ተይ እንጂ! ስሕተት ነው፣ ከሰው አይጠፋ» አሉኝ። ከበሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ለመኑኝ። «በማርያም ይዣችኋለሁ፣ ውጡልኝ» አልኩና በሬን ዘጋሁ። ከዚያ ሳሩ ላይ ተቀምጬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

የሚገርማችሁ፣ መጠርጠራቸው አይደለም ያስለቀሰኝ። ሰው ነው፣ ይጠረጥራል፤ እኔስ የከሰል መስመር አይቼ የሺን መተተኛ አላልኳትም? ያስለቀሰኝ፣ ያን ሁሉ ቀን ጉብታ ላይ ከመውጣት፣ ሮቶ ከማስመር፣ በዘንግ አፈር ከመነካካት፣ አንድ ሰው እንኳ «እትዬ፣ ግቢዎት ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። ቢጠይቁኝ ማኅበሩንም ትቼ እጃቸውን ይዤ አስገባቸው ነበር።

በማኅበሩ ዋዜማ የሺ መጣች። በማጅራቷ ድንጋይ ተሸክማ፣ ነጠላዋን አደግድጋ በሬ ላይ ተንበረከከች። ይቅርታ እንዲህ ነው የሚጠየቀው በእኛ ዘንድ። ልጨክን አስቤ ነበር። ትንሽ አቆየኋት፤ እውነቱን ልናገር እንጂ፣ ጥቂት ይክበዳት ብዬ ነው። ከዚያ አንጀቴ እምቢ አለ፤ ድንጋዩን አንሥቼ ወዲያ ጣልኩት።

«ተነሽ፣ አታስቂኝ። ግቢና ድንች ላጪልኝ፣ ነገ የማበላው ሰው አለብኝ።»

«ይቅር ብለውኛል፣ እትዬ?»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ቢላዋውን እዚያ ታገኚዋለሽ።»

ማኅበሩ ደኅና ዋለ። ቄሱ ባርከው፣ ጽዋው ዞሮ፣ ሰዉ ሳሩ ላይ ተቀምጦ በላ፣ ጠጣ። «ሳይዘሩ የበቀለ» እያሉ ተቀላለዱ። እኔም አሳላፊ ሆኜ ሳቅሁ። ጋሽ ጌታነህ ግን ቁልፉን በወረቀት ጠቅልለው አምጥተው እጄ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሞክሩ እጄን ሰበሰብኩ። ኮሚቴው የቧንቧውን መስመር ተከትሎ ሄዶ ወንዙ ዳር የተሰነጠቀ ቦታ አገኘ፤ ውሃው እዚያ ሲፈስ ነበር የከረመው። ያም ሆኖ ቁልፉን አልወሰድኩም። በመጨረሻ ዕጣ ጣሉ፤ ዕጣው ለየሺ ወጣ።

ቂም ይዤ አይደለም። ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ፤ ቂም አይደለም። ብቻ ያ ቁልፍ እንደ በፊቱ ነጠላዬ ላይ አይቀመጥልኝም። አሁን እንደ ማንም ጀሪካኔን ይዤ እሰለፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንድ ጠዋት የሺ ዘገየች። ሰልፉ ረዘመ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንዷ «ትናንት ሮቶው ሞልቶ ነበር አይደል?» አለች። ሌላዋ ቀጠለችና «እንግዲህ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ያውቃል» አለች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እንድጨምርበት ነው የሚጠብቁት። ከእኔ የበለጠ ማን ይናገርባታል? ውሸት ምን ያደርግልኛል፤ ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰ ነገር ነበር።

ጀሪካኔን አስቀምጬ ወደ ቤቷ ሄድኩ። አንኳኳሁ።

«የሺ፣ ምነው ዘገየሽ?» አልኳት።

ትንሹን ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋለች፤ ቁልፉ ጣቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዓይኗ እንቅልፍ አላየም። «ሲያተኩሰው አደረ፣ እትዬ። ጤና ጣቢያ ልወስደው ስል ሰዉ ተሰልፎ ይጠብቀኛል፤ ቁልፉን ለማን እንደምሰጥ ጨነቀኝ» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች።

እጄን ዘረጋሁ። «አምጪው። ለዛሬ ብቻ ነው። አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ተመልሼ ስደርስ ሁሉም እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አዩ። «ልጇ ታሞባት ነው፤ ሄጄ ጠየቅኋት» አልኳቸው።  ቧንቧውን ከፍቼ የሁሉንም በየተራው ሞላሁና የራሴን ጀሪካን ከሁሉ ኋላ አስቀመጥኩ። ከዚያ ጥር ወዲህ ልቤ እንደዚያ ጠዋት ቀሎልኝ አያውቅም።